ጩኸት የተማርኩበት መኸዘን

ሰው ሳይማር የሚችላቸው የሚመስሉት ሦስት ነገሮች አሉ፤ መብላት፣ መተኛትና መጮህ። ስለ ሁለቱ አልከራከርም። ሦስተኛውን ግን እኔም እንደናንተው ነበር የማስበው። ደግሞስ ጩኸት ምን ትምህርት አለው? ሕፃን ልጅ ዓይኑን ሳይገልጥ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። «በሆድህ ተንፍስ፣ ትከሻህን አታንሣ» ብሎ ያሠለጠነው የለም። ሌት ተቀን ሲያለቅስ ሰንብቶም ድምፁ አይዘጋም፤ የሚዘጋው ሲያባብለው የሰነበተው የአባቱ ነው። እንግዲህ ይህን ስጦታ ይዞ የተወለደ ፍጡር በሃያ ስድስት ዓመቱ ጩኸት ልማር ብሎ መምህር ሲፈልግ ብታዩት ምን ትሉታላችሁ? ለይቶለታል ትላላችሁ። ገዳሪፍም ስለ እኔ ይህንኑ ብላለች።

የአርማጭሆ ልጅ ነኝ። ድንበር ተሻግሬ ሱዳን የገባሁት ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። መፋዛ ላይ አንድ ክረምት አረምኩ፣ አንድ መኸር አጨድኩ፣ ከዚያ «ለትንሽ ቀን» ብዬ ገዳሪፍ ገባሁ። ትንሽ ቀን የሚባለው ነገር እዚህ አገር አራት ዓመት እንደሚሆን የገባኝ ኋላ ነው። የምሠራው በአንድ የሰሊጥ መኸዘን ውስጥ ነው፤ መጋዘኑን ሁላችንም እንደ አገሩ መኸዘን ነው የምንለው። የሞላውን ጆንያ አፉን እሰፋለሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ሮክ እየሰማሁ ነው የምሰፋው። ለምን ሮክ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ የሰሊጥ ማበጠሪያውን ማሽን የሚያሸንፍ ሌላ ሙዚቃ አላገኘሁም።

እየሰማሁ ማንጎራጎር፣ እያንጎራጎርኩም መጮህ ጀመርኩ። አንድ ቀን የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ ያሲን የሚባል ጎረምሳ ከኋላዬ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆየ። ያሲንና እህቱ ሰሚራ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካርቱም ተወልደው ያደጉ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ገዳሪፍ የተፈናቀሉ ናቸው፤ አማርኛው መንገድ ላይ ሲያልቅባቸው በዐረብኛ ይሻገራሉ። ሌላው ሰው ከዚያ እሳት ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዞ ሲወጣ ያሲን ኤሌክትሪክ ጊታር አቅፎ ነው የወጣው። እናቱ እስከ ዛሬ «ድስቱን ትቶ» ይላሉ። ሰሚራ ደግሞ ከበሮዋ እዚያው ቀርቶባት ነበርና እዚህ ከአንድ ባዶ በርሜል፣ ከሦስት ጀሪካንና ከአንድ የናስ ሰሃን አዲስ ከበሮ አቋቁማለች። የጎደላቸው ዘፋኝ ነበር። ጊታር ያለው ሰው «ድምፅ አለህ» ሲላችሁ፣ የወለደቻችሁ እናት ብትክደው እንኳ እሱን ታምናላችሁ። አመንኩት።

የመጀመሪያው መድረካችን የአንድ ያገራችን ልጅ ሠርግ ላይ ሆነ። ከዋናው ዘፋኝ በፊት ሁለት ዘፈን ተፈቀደልን። እኔ ታዲያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴትዮ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ የሚያስፈልገኝን ድምፅ በመጀመሪያው ላይ ከጉሮሮዬ አራግፌ ጨረስኩ። አንገቴ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገትሮ፣ ትከሻዬ ጆሮዬን ነክቶ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጮህኩ። ሁለተኛውን ዘፈን ስጀምር አፌ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን የለም። የድምፅ ማጉያው ባለቤት ሮጦ መጥቶ ማይክሮፎን ቀየረልኝ። አሁንም የለም። ሌላ ቀየረ። ሦስተኛው ላይ ነው የተበላሸው ዕቃ እኔ መሆኔን ያወቁት። የሙሽራዋ አክስት ለብ ያለ ውኃ ይዘው ቀርበው «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ዘፍኖ «ጎበዝ» መባል አለ፤ «ውረድ» መባልም አለ። ዘፍኖ «እግዜር ይማርህ» የተባለ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ወዲያ ልምምድ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መዝፈን ጀመርኩ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፣ ጨርሼ ዝም ልልም አስቤ ነበር። ያኔ ነው ያሲን የነገረኝ። ቤተሰቡ ከኢድ በኋላ ወደ ፖርት ሱዳን ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የጉዞ ወረቀታቸው ሲያልቅላቸው ወደ ዘመዶቻቸው። ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በኢድ ሦስተኛው ቀን እንድንጫወት ጠይቆ አስፈቅዷል። ሰባት ሳምንት ቀርቶናል። ጊታሩን እየወለወለ፣ ቀና ሳይል፣ «ከቤት ያወጣሁት ይህን ብቻ ነው፤ ኻላስ፣ በቃ፣ አንድ ቀን እንኳ በደንብ ይሰማልኝ» አለኝ። ይህን የሰማ ሰው ግድግዳ እያየ አይኖርም።

መጀመሪያ ኔትወርክ ሲገኝ ከስልክ ልማር ሞከርኩ። ስልኩ ውስጥ ያለው መምህር ጉሮሮህን እንደሚያዛጋ ሰው ክፈት ይላል። ቀኑን ሙሉ ሳዛጋ ዋልኩ። በማግስቱ አንድ ክፍል አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ወባ ነው ብለው ክኒን ገዝተው ጠበቁኝ። ከንፈርህን እንደ ፈረስ አንበርብር አለኝ፤ አንበረበርኩ። የጎረቤታችን አህያ መለሰችልኝ። ጥቅሙን እኔም ኋላ አይቼዋለሁና ስልኩን አላማውም። ስልክ ግን ስትሳሳቱ አይቶ አይቆጣም። ሰው ካልተቆጣው መቼ ይማራል?

የሚቆጣኝ ሰው ከአጠገቤ ነበር። ጋሽ ደምሌ የመኸዘናችን የተሸካሚዎች አለቃ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ረሀብ ጊዜ በልጅነታቸው ተሻግረው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራቸው መጣራት ነው። አራት ሰው መቶ ኪሎ ጆንያ አንሥቶ በአምስተኛው ጀርባ ላይ ሲያሳርፍ እሳቸው «ሄላ ሆብ!» ይላሉ፤ አራቱም በአንድ ትንፋሽ ያነሣሉ። ጥሪው ቢዘገይ ወይም ቢደናቀፍ የአንድ ሰው ወገብ ይሄዳል። ይህን ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በማበጠሪያው ጩኸት መሃል፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ድምፃቸው አንድም ቀን ሲዘጋ የሰማ የለም። እኔ ሞኙ አራት ዓመት ሙሉ ከሥራቸው ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ጩኸት ከባሕር ማዶ እሰማ ነበር።

ሄጄ ነገርኳቸው። ሮክ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አሰማኋቸው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው ትንሽ አዩትና ሰውዬው ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ፍቅረኛው ትታው ነው አልኳቸው። «ኧረ ይበላት» አሉና፣ ቀጥለው ግን ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ። ሰውዬው ሲጮህ ጉሮሮው እንዳልተቆጣ፣ ከሆዱ እንደሚያወጣው፣ እኔ ግን ሳንጎራጉር እንኳ እንደታነቀ ሰው እንደምሆን አስረዱኝ። አራት ዓመት ሰምተውኝ ኖሯል። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው ማን ጠየቀኝ አሉ።

ትምህርቱ በምሳ ሰዓት ሆነ። በመጀመሪያው ቀን መሬት ላይ በጀርባዬ አስተኝተው አምስት ኪሎ የሚሆን ሰሊጥ በከረጢት ሆዴ ላይ አስቀመጡና ስተነፍስ ከረጢቱ ይነሣ፣ ደረቴ ግን ዝም ይበል አሉኝ። ደረቴ ተነሣ፣ ከረጢቱ ዝም አለ። ተሸካሚው ሁሉ ምሳውን ይዞ ዙሪያዬን ከቦ ያያል። አንዱ መቼ ነው የሚቀበረው ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ ከረጢቱ መነሣት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሆዴ ከምግብ ሌላ ሥራ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቆሜ፤ እግሬን ከፈት፣ ጉልበቴን ላላ፣ ትከሻዬን ጣል አድርጌ። እሳቸው የመኸዘኑ ጫፍ፣ በሩ ዘንድ ይቆማሉ፤ እኔ በዚህኛው ጫፍ። መካከላችን የጆንያ ክምር ነው። ስጮህላቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ድምፅህ አልመጣም ይሉኛል። አጠንክሬ ስጮህ የባሰ አልመጣም ይላሉ። በመጨረሻ ክምሩን ዞረው መጡና ያንን አንድ ነገር ነገሩኝ።

«ድምፅ አይገፋም፣ ሙሌ። ይላካል። እኔን አይተህ ለእኔ ላከው።»

ይህን አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን፣ ሳላስበው፣ ጉሮሮዬን ምንም ሳይነካኝ አንድ ድምፅ ወጥቶ በክምሩ ላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ ከበሩ በኩል ጋሽ ደምሌ አውራ ጣታቸውን አነሡ። እኔ ነኝ? ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ። ማንም የለም። ያን ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ አልልም፤ ጥቁሩ የገዳሪፍ ጭቃ እንኳ ጫማዬን አልያዘኝም።

ድምፁ ተገኘ፣ ድፍረቱ ግን ገና ነበር። ሰው ሲያየኝ ሆዴ ይቆለፋል። ጋሽ ደምሌ ይህንንም በራሳቸው መንገድ አከሙት። አንድ ጠዋት መኪና ሊጫን ሃያ ተሸካሚ ተሰልፎ ሳለ «ዛሬ እሱ ነው የሚጠራው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉ። አራት ሰው እጁን ጆንያው ላይ አድርጎ ያየኛል። አምስተኛው ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ማፈር አይቻልም፤ ማፈር የሰው ወገብ ነው። ጠራሁ። ጆንያው ተነሣ። እንደገና ጠራሁ። ስንት እንደጠራሁ አላውቅም፤ መኪናው ሞልቶ ሲነሣ ግን ላቤ እስከ ተረከዜ ወርዶ ድምፄ እንደ ጠዋቱ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ሃያው ሰው እኔን አለማየቱ ነው፤ ሁሉም ያየው ጆንያውን ነው። አሃ! ለካስ ሰው የሚያየን የሚመስለንን ያህል አያየንም።

የኢድ ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሰዓት እላፊ ስላለ ከአስር ሰላት በኋላ ጀምረን ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ አለብን። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቷል። ከካርቱም የተፈናቀሉት ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ያገሬ ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለዋል፤ ተሸካሚዎቹ በጅምላ መጥተዋል። ጋሽ ደምሌ ከሁሉም ኋላ፣ የግቢው በር ዘንድ ቆመዋል። ሰሚራ በርሜሏን አራት ጊዜ መታች፣ የያሲን ጊታር አጓራ፣ እኔ ሆዴን ሞላሁ። ዘፈኑ የራሳችን ነው፤ በክረምት ከድንበር ሲመጣ ጭቃ ስለያዘው መኪና የሠራነው።

*ጭቃው ጎማ ይዞ መንገድ ቢያስቀረኝም፣*
*ድምፄ ቀድሞ ገብቷል፣ ማንም አይቀድመኝም።*

አንደኛው ዙር በሩ ዘንድ ደረሰ፤ የጋሽ ደምሌን አውራ ጣት አየሁት። ሁለተኛው ላይ ልጆቹ ተነሥተው ዘለሉ። ያሲን ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ ሲጫወት የጊታሩ ንዝረት በአከርካሪዬ ይገባ ነበር። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ በሕይወታችሁ አንዴ ይህን ቅመሱት። ልቤ እንዲያ ስትፈነጥዝ፣ በመጨረሻው «አይቀድመኝም» ላይ፣ ከፍ ብዬ ልይዘው ስል፣ ድምፄ ለሁለት ተሰነጠቀ። እንደ ደረቅ እንጨት፣ ቀጭን ሆኖ፣ ሁሉ ሰው ፊት።

አበቃልኝ አልኩ። ሆዴ ግን ሰባት ሳምንት ተምሯልና እኔን ሳይጠይቅ ቀጠለ፤ ስንጥቁን ተሻግሮ ድምፁን እስከ መጨረሻው ያዘው። ሰሚራ የመጨረሻውን መታች። ከዚያ እልልታው መጣ፣ ከእልልታው ላይ ደግሞ «ታኒ! ታኒ!» የሚል ጩኸት። ድገሙት ማለታቸው ነው። ደገምን። ድምፄ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ግን ቅር ያለው ይመስላል። ሰሚራ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ የፈለጉት ዘፈኑን ሳይሆን የተሰነጠቀችውን ቦታ መሆኑን ነገረችኝ። ሞከርኩ። ስንጥቋ እሺ አላለችም። ሦስተኛ ጊዜ አውቄ ጉሮሮዬን አነቅሁት። እንደ ደወል ጠርቶ ወጣ። አንድ ጥቁር ቶብ የለበሱ እናት ስንወርድ እጄን ይዘው በዐረብኛ ብዙ ተናገሩ። ሰሚራ ያሳጠረችልኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ቅድም እዚያች ላይ አለቀሰች። ሹክረን ትልሃለች።»

ያሲንና ሰሚራ በሳምንቱ ሄዱ። ጊታሩ የአውቶቡሱ ጣራ ላይ አልተጫነም፤ ያሲን አቅፎት ነው የተቀመጠው፣ እናቱ ደግሞ አዲስ ድስት አቅፈው። ከፖርት ሱዳን ደውሎ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ልጅ ማግኘቱን ነገረኝ። ና እያለኝ ነው። እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

እኔ ጆንያዬ ላይ ነኝ። ማዳመጫ ግን አላደርግም። ባለፈው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ጋሽ ደምሌ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ አወሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላ እያዩ ያቺን ስንጥቅ እንዴት እንዳደረግኋት ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ እኔም አላውቅም አልኩ። አላመኑኝም። ተነሥተው እግራቸውን ከፈት፣ ትከሻቸውን ጣል አድርገው ሊሰነጥቋት ሞከሩ። ድምፃቸው እንደ ሠላሳ ዓመቱ ሁሉ ሙሉና ጤነኛ ሆኖ መኸዘኑን አቋርጦ ሄደ። ወዲያ ማዶ ምሳቸውን ይበሉ የነበሩት አራት ተሸካሚዎች ሰሃናቸውን ጥለው ብድግ አሉና ጆንያ አነሡ።

ጋሽ ደምሌ አዩዋቸው፣ እኔን አዩኝ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እምቢ አለችኝ» አሉ።

ከልቤ አዘንኩላቸው።