የሞተ ሰው ገመድ አይጨብጥም

(የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ። ቆፋሪው ከታች፤ የእህቱ ባል፣ አፈሩን በባልዲ የሚስበው ጎታቹ፣ ከላይ መዘውሩ አጠገብ። አንድ ጉባኤ ነው የሚሄዱት፤ ቆፋሪው ያስተምራል፣ ጎታቹ ይሰማል። ጉድጓድ ድምፅ ስለሚያጎላ ቆፋሪው እዚያ ሲሆን ማስተማሩ ይብስበታል።)

ጎታቹ፦ ታዲያ ለመዳን መመረጤን በምን ልወቅ ጋሼ? እንቅልፍ አጣሁ እኮ።

ቆፋሪው፦ ምልክት አለው። አንተ ላይ ግን፣ እንዳልዋሽህ፣ እስካሁን አላየሁም።

ጎታቹ፦ አጥብቄ ብለምንስ?

ቆፋሪው፦ ሰው በኃጢአቱ ሙት ነው። ሙት ይለምናል? ገመድ ቢወረወርለትስ ይጨብጣል? ጸጋው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ጎትቶ ያወጣሃል። እምቢ ብትል እንኳ አይለቅህም።

ጎታቹ፦ የእኔ ድርሻስ?

ቆፋሪው፦ ምንም።

ጎታቹ፦ ምንም አለማድረግማ እችልበታለሁ። እህትህ ትመስክር።

ቆፋሪው፦ ይኸው፣ ለዚህ ነው ምልክቱ የማይታየኝ። (አካፋውን ይሰነዝራል። ውሃ ይፈነዳል። መሰላሉ ላይ ሲንጠላጠል መሰላሉ ለሁለት ይሰበራል።) ውሃ! ገመድ ወርውርልኝ!

ጎታቹ፦ ልትይዘው?

ቆፋሪው፦ ታዲያ ልስመው ነው?

ጎታቹ፦ ሙት አይጨብጥም ስትል ነበር ብዬ ነው።

ቆፋሪው፦ እሱ የነፍስ ነገር ነው! ይሄ ሥጋዬ ነው፣ ውሃው ጉልበቴ ደርሷል!

ጎታቹ፦ ጠዋት የወገብ ገመድ እሰር ስልህስ? «ቀኔ ተቆርጧል፣ ገመድ አይጨምርልኝም» አላልክም?

ቆፋሪው፦ ጠዋት ደረቅ ነበርኩ!

ጎታቹ፦ እንድትወጣ ከተወሰነ ባልወረውርም ትወጣለህ። ካልተወሰነ ብወረውርም ዋጋ የለው። መሃል ገብቼ እንዳልሳሳት ፈራሁ።

ቆፋሪው፦ እህቴን ለትዳር ስትጠይቅ ነበር ማወቅ የነበረብኝ! ወገቤ ደረሰ! እለምንሃለሁ!

ጎታቹ፦ ሙት ይለምናል?

ቆፋሪው፦ (ድምፁ ተሰብሮ) ወንድሜ። ልሞት ነው።

(ጎታቹ ይደነግጣል። ከጎኑ የተጠቀለለውን ወፍራም ገመድ ወርውሮ መዘውሩን እንደ እብድ ያዞራል። ቆፋሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገመዱን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይወጣል።)

ቆፋሪው፦ (እያለከለከ) ይሄን ክንድ አየኸው? ሌላ ሰው ቢሆን ይለቀው ነበር። እኔ ግን አልለቀቅኩም። እሁድ እመሰክረዋለሁ።

ጎታቹ፦ ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ደንግጬ አጠፋሁ።

ቆፋሪው፦ ምን አጠፋህ?

ጎታቹ፦ ገመዱን ስወረውር ጫፉን መዘውሩ ላይ አላሰርኩም። ሙሉውን ነው የለቀቅኩት።

ቆፋሪው፦ (ገመዱን ይስባል። ሌላው ጫፍ ውሃ እያንጠባጠበ ከጉድጓዱ ይወጣል።) እና እኔ በምን ወጣሁ?

ጎታቹ፦ ጠዋት ዓይንህን ጨፍነህ ስትጸልይ፣ ቀጭኗን ገመድ ከጀርባህ ቀበቶህ ላይ ቋጥሬልህ ነበር። ሌላው ጫፏ መዘውሩ ላይ ነው። እምቢ ስላልክ አልነገርኩህም። እህትህን ምን እላታለሁ ብዬ ነው።

(ቆፋሪው ጀርባውን ይዳስሳል። ቋጠሮው አለ።)

ጎታቹ፦ ለካ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አንተ ምንም አላደረግክም። አሁን ገባኝ ጋሼ።

ቆፋሪው፦ (ገመዱን እንደታቀፈ) ይሁን እሺ። ግን አያያዜን አይተኸዋል፣ አይደል?