ጋሽ ዓለምነው እና የማይዝገው ዘንግ

ግንባታ ባለበት ሁሉ፣ ሳይጠሩት የሚገኝ፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ አንድ ዋና ግንበኛ አይጠፋም። የደብረ ማርቆሱ ክቡር ጋሽ ዓለምነው ናቸው። መሐንዲስ ስሌት ሲያሳያቸው መነጽራቸውን ያወልቁና "ወረቀትማ ይሸከማል፤ ድልድዩስ?" ይላሉ።

ሔዋን የሦስት ዓመት ልፋቷን ይዛ የመጣችው እኒሁ ሰው ዘንድ ነው። ሮብ ገበያ አጠገብ የነበረው የእግረኛ ድልድይ ፌሮው በዝገት ተበልቶ ወድቋል፤ ክረምት ሳይገባ እንደገና ሊሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሔዋን በፌሮው ፋንታ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ዘንግ ይግባበት ትላለች፤ አይዝግማ። የድልድዩ ኮሚቴ ግን "ጋሽ ዓለምነው ካሉ" ብሎ ቁጭ አለ። እሳቸው እንቢ ካሉ ልፋቷ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው።

ጋሽ ዓለምነው ዘንጉን በአንድ እጃቸው አነሡት። ቀለላቸው፤ በዚያው ናቁት።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የዣንጥላ እጀታ ነው!"

ሔዋን አራት ዘንግ ያስገባችበትን የአርማታ አግዳሚ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድማ፣ ኮሚቴው ፊት የድንች ጆንያ አስጫነችበት። ጋሽ ዓለምነው ጉብጠቱን ለመለካት ከሥሩ ሲባጎ ወጠሩ። አሥራ ሁለተኛው ጆንያ ሲጫን አግዳሚው ሲባጎውን እስኪገፋ ጎበጠ፤ ሆዱም ተሰነጣጠቀ። ፌሮ ካለበት ይልቅ አብልጦ እንደሚጎብጥ ሔዋን ድሮም ታውቃለች።

"አላልኳችሁም! አውርዱ፣ ሰው ሳይጎዳ!" አሉ ጋሽ ዓለምነው።

ጆንያው ወረደ። አግዳሚው ከሲባጎው ተላቆ ቀና አለ፤ ስንጥቆቹም ጠበቡ። ጋሽ ዓለምነው ተንበርክከው አዩ። እንደገና አስጫኑ፣ እንደገና አስወረዱ፤ አራት ጊዜ። ጫኞቹ ድንችን ከነዘሩ ረገሙ።

"ፌሮ እንዲህ ከጎበጠ ጎብጦ ይቀራል" አሉ በመጨረሻ። "ይሄስ ሲበጠስ ያስጠነቅቃል?"

"ዘንጉ ከተበጠሰ ድንገት ነው፣ ጋሼ" አለች ሔዋን። መዋሸት አልሆነላትም።

"እንግዲያው አራት አይበቃም። ስድስት አስገቢ! መጉበጡም ይቀንሳል፤ እስከ መበጠስም አይደርስም።"

ዘንጉ ውድ ስለሆነ ቆጥባ ነበር። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጣ አሰላች፤ እውነታቸውን ነው። ኮሚቴውም በስድስት ዘንግ ፈቀደ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሔዋን ስታልፍ ጋሽ ዓለምነው ሰው ሰብስበው እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር። "ከፌሮ ይልቅ ይጎብጣል፤ ግን ይመለሳል! እኔማ ገና ሳየው ነው የነገርኳት!" ዞር ሲሉ ሔዋንን አዩዋትና ክው አሉ።

ሔዋን ሳቋን ዋጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሥራዋ እንዲህ ከልቡ የተሟገተላት ሰው አልነበረም፤ ወደደቻቸው።

"እውነት ነው" አለች ለተሰበሰበው ሰው፤ "ነግረውኝ ነበር።"