ሁለት መቶኛው እርምጃ

አዳማ የሚኖር ሰው ትልቁ ችግር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ለመዝናናት የሚሄድበት ቦታ የለውም። አትሳቁ። አዲስ አበቤው ዓርብ ከሰዓት ቁምጣውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ ልጆቹን ከኋላ ወንበር ላይ ደርድሮ ወደ እኛ ይመጣል። ሆቴሉን ይሞላል፣ ገንዳ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ሙቀቱን እያመሰገነ እሑድ ማታ ይመለሳል። እኛ ያንኑ ሙቀት እየረገምን ሰኞ ጠዋት ሥራ እንገባለን። ሰው የሚዝናናበት ከተማ ውስጥ መኖር ሠርግ ቤት አጠገብ ተከራይቶ እንቅልፍ እንደ መፈለግ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ የእኛ ሰው ከከተማው የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለንግሥ ብቻ የሆነው። ለእረፍት ነው የምሄደው ብትሉት "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ይላችኋል።

አባቴ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ የቦይ ተቆጣጣሪ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ ውሃ ሲያሳድድ ስለሚከርም፣ በዓመት አንዴ የማይሄድ ውሃ ፊት ቁጭ ማለት ያምረዋል። ስለዚህ እኔ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ጳጉሜ ሳትገባ፣ ለአራት ቀን ላንጋኖ ዳር ወዳለች አንዲት ጎጆ ይዞን ይሄዳል። ዱሮ በአውቶቡስ ነበር፣ መቂ ላይ ቲማቲም፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ እየገዛን፤ አሁን በእኔ መኪና ነው። ጎጆዋ ያችው ናት። ክዳኗ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፣ በሯ ግን ዛሬም በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። ውሃውም ያው ነው፤ ማኪያቶ የመሰለ፣ ታጥባችሁ ስትወጡ መታጠባችሁን የምትጠራጠሩበት።

አባቴ እንደ ደረሰ ዕቃ አያወርድም። ከጎጆዋ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ውሃው ጠርዝ እየቆጠረ ይራመዳል። የቦይ ሰው ልማድ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሸንኮራ መሃል እግሩ ነበር ሜትሩ። ዳር ሲደርስ እጁን ውሃው ውስጥ ይነክርና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። እናታችን በረንዳው ላይ ቆማ "ተመስገን፣ ዘንድሮም አገኘነው!" ትላለች። ፍራሽ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ሐይቁ ጠፍቶ ይሆን እያለ ለእረፍት የሚሄድ ቤተሰብ ከእኛ ሌላ አላውቅም።

ልጆች ሳለን ቁጥሩ መቶ ሃያ ነበር። ከዚያ መቶ አርባ ሆነ፣ መቶ ስልሳም አለፈ። "ሐይቁ እየሸሸን ነው" ይላል አባቴ። ጎረቤቱ የአብያታ ሐይቅ መሸሹን አገር ያወቀው ስለሆነ እኛም አመንነው። እኔ ግን እንጀራዬ መስታወት መቁረጥ ነው፤ ሜትር ከኪሴ አይወጣም። አንድ ዓመት ሰው ሳያየኝ ከደጃፉ እስከ ውሃው ለካሁት። በዓመቱም ደገምኩት። ልዩነቱ ክንድ አይሞላም። ሐይቁ የትም አልሄደም። ያጠረው የአባቴ እርምጃ ነው። ሜትሬን ኪሴ ከትቼ ለእህቴ ለአልማዝ ብቻ ነገርኳት። "ዋ! እንዳትነግረው" አለችኝ።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ምን ነበረበት? ጣጣው የመጣው እናታችን ጉልበቷን በታመመችበት ዓመት ነው። ወደ ውሃው ስትወርድ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። አባቴ በነገሩ ተናደደ፤ በሐይቁ ይሁን በጉልበቷ አላውቅም። ሁላችንም ፊት "ሁለት መቶ እርምጃ የሞላ ዕለት እዚህ ቦታ አንመጣም። ሰው ከሚሸሸው ጋር አይሯሯጥም" አለ። ዓመት ሳይሞላ እናታችን ሞተች። ቃሉ ግን እንዳለ ቀረ። አባቴ ደግሞ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነው። (የወለደው እኛን ስለሆነ ይህን ተረት ብዙም አንወደውም።)

አራት ቀን ምን ቁም ነገር አለው እንዳትሉ። ከእናታችን ሞት ወዲህ አባቴ ስሟን አንሥቶ አያውቅም። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ዝም ነው። አልማዝ ሁሩታ ታስተምራለች፣ እኔ አዳማ ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ በስልክ "ደህና ነው?" "ደህና ነው" እንባባላለን። ላንጋኖ ሲደርስ ብቻ ያወራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። እነዚያ አራት ቀናት ከቀሩ አባቴ እንደሚያልቅብን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ደግነቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቁጥሩ መቶ ዘጠና ስምንት ላይ ቆመልን። "ሐይቁም አዝኖልን ነው" አለች አልማዝ። ኪሱ ውስጥ ሜትር የያዘ ሰው ይህን መጠርጠር ነበረበት። አልጠረጠርኩም። ደስ ያለው ሰው ምን ብሎ ይለካል?

ዘንድሮ ግን አባቴ ከመኪናዬ የወረደው በከዘራ ነው። እግሩን አያነሣም፣ ይጎትታል። ከመኪናው እስከ ጎጆዋ ደጃፍ ሲሄድ አይተን እኔና አልማዝ ተያየን። በዚህ አካሄድ ሁለት መቶ የሚሞላው ውሃው ገና ከሩቅ ሲታይ ነው። "ሻይ አጠጪው፣ አቆዪው" አልኳትና ወደ ዘበኛው ወደ ኦቦ ቃሲም ቤት በረርኩ። የጎጆዎቹ ቁልፍ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው። "ጣሪያው ያፈሳል" ብዬ ለውሃው የምትቀርበውን ጎጆ ልለምነው ነው። ውሸቴን መንገድ ላይ አዘጋጀሁ።

የኦቦ ቃሲም ቤት ከጎጆዋ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ መሃል፣ ትልቁ ግራር ሥር ናት። ያገኘሁት ግን ሚስቱን አዴ ፋጡማን ነው። የአካባቢውን ሰላምታ ታውቁ የለ? ስለ አንተ፣ ስለ ቤትህ፣ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ከብትህ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። መቸኮል ነውር ነው። ከብት የለኝም ማለትም ነውር ነው፤ "ደህና ናቸው" ነው መልሱ። ልጄ እንዲህ ያለ ሰላምታ ሲገጥማት "አባ፣ ይሄ ድራማ ስንት ክፍል ነው?" ትለኛለች። ክፍሉን ሁሉ ጨርሼ ጉዳዬን ተናገርኩ።

አዴ ፋጡማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን ተወችው።

"ጎጆ መለወጥ ለምን? የአባትህ ነገር ለቃሲም የተሰጠ ነው። እናትህ ያረፉ ዓመት አባትህ እዚህ መጥተው ምን አሉት መሰለህ? 'ቃሲም፣ ሐይቁ አልሸሸም፤ እግሬ ነው ያጠረው። ቃል ደግሞ ተናግሬያለሁ፣ መዋሸት አልችልም። ግራሩ ጋ ስደርስ ወጥተህ ሰላም በለኝ። እንዳታሳጥረው። ቁጥሩ ይጥፋብኝ።' ይኸው ሦስት ክረምት። ዛሬ ግን ነገሌ ለቅሶ ሄዷል። ሲወጣ 'ሽማግሌውን ማን ያቆምልኛል?' እያለ ነው የወጣው።"

በበሩ በኩል አየሁ። ሻዩ አላቆየውም። አባቴ ግራሩ ሥር ደርሶ ቆሟል። ከንፈሩ ላይ "መቶ ሃያ" ትነበባለች፤ ዱሮ ውሃ ታስነካው የነበረችው ቁጥር። የኦቦ ቃሲምን በር ያያል። ጫማውን ያያል። እንደገና በሩን ያያል። ወደፊት እንዳይሄድ ሁለት መቶ ይጠብቀዋል፤ ቁጥር ዘልሎ እንዳይቆጥር አባቴ ነው። እንዲህ ብቻውን ሆኖ አይቼው አላውቅም። የእናቴ ቀብር ዕለት እንኳ ሰዎች ክንዱን ይዘውት ነበር።

ወጣሁና ፊቱ ቆምኩ።

"አከም ጅርቱ?" ብዬ ደህንነቱን ጠየቅኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከአንድ መኪና አብረን ከወረድን ሰዓት አልሞላንም። ከዚያ ከዘራውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኙን ዘረጋልኝ።

"ነጋዳ" አለኝ።

ከዚህ በኋላ ኦሮምኛዬ አለቀ። አንተ የምለውን አባቴን አንቱ ብዬ በአማርኛ ቀጠልኩ። "ከብቱ እንዴት ነው?" "ደህና ነው" አለ፤ በዕድሜው በግ እንኳ ኖሮት አያውቅም። "ዝናቡስ?" "ተመስገን ነው።" "ልጆችዎስ ደህና ናቸው?" "ደህና ናቸው። ትልቁ ትንሽ ተንኮል ጀምሯል እንጂ።"

"ባለቤትዎስ?" አልኩ።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ሰላምታ አንዴ ከተጀመረ በራሱ ይሄዳል፤ አፌን ሳልይዘው ወጣ። አባቴ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። እጄን ግን አልለቀቀም።

"አስቴር ሞታብኛለች" አለ። "አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ቤቱን ያለ እሷ አልለመድኩትም።"

"እግዜር ያጽናዎ" አልኩት። መቼም ሌላ ምን ይባላል?

"አሜን" አለ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ስንት ላይ ነበርኩ?"

በሚሊሜትር ተሳስቼ መስታወት አበላሽቼ አላውቅም። "ስልሳ" አልኩት።

"ስልሳ" አለ፣ ትንሽ እንደ ማሰብ ብሎ። ከዘራውን ወደ ቀኙ መለሰ። "ስልሳ አንድ…"

አጠገቡ ሄድኩ። ዳር ሲደርስ ከዘራውን ሰጠኝና ጎንበስ ብሎ እጁን ነከረ። "መቶ ሰማንያ!" ብሎ ጮኸ። አልማዝ ከበረንዳው እንደ እናታችን "ተመስገን፣ ዘንድሮም አገኘነው!" አለች፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከዳት። አባቴ ዞሮ አየኝና "ሐይቁ እየቀረበ ነው" አለኝ። "እየቀረበ ነው" አልኩት።

ከተመለስን ሳምንት ሆነን። ትናንት ሰው ሳያየኝ ከቤቴ እስከ ሱቄ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም። ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ረጅሙን ሰላምታ ማስተማር ጀመርኩ፤ ከቤቱ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ዝናቡ። የእሷ ሰላምታ "ሰላም" የምትል አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ከስልኳ ቀና ሳትል ነው የምትላት።

"አባ፣ ይሄ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ።

"ለአንቺ አይደለም" አልኳት።