የብረቱ ዘበኛ ራስ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ቀን ከሌት መብራት የሚበራበት አንድ የግቢ በር ነበር። ባለቤቱ ዘርጋው ይባላል። በጉብዝናው ዘመን ለሲኒማ ቤቱ ማስታወቂያ በእጁ ይሥል የነበረ፣ አሁን የሱቅ ስም እየጻፈ የሚኖር ሰው ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ ሰንፋ አታውቅም፤ የዘርጋው አምፖል ግን በቀትርም ይበራል። ጎረቤቶቹ «ዘርጋው ፀሐይን እያገዘ ነው» ይላሉ። «ተዋት እንጂ፣ ብቻዋን ትችለዋለች» የሚለውም አለ። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አምፖሉ የተቃጠለ እንደሆነ ግን ምሳውን ትቶ ሌላ ይተካል።

ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ ፊት ለፊት የሚናገርም የለም። የዚያ ቤት ደንብ እንዲህ ነበር፦ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ የበሩ መብራት አይጠፋም። የመጨረሻው ገቢ በሩን ዘግቶ «ገብቻለሁ፤ አጥፋው» ይላል፣ ያኔ ይጠፋል። ከሰባት ዓመት በፊት የዘርጋው ሚስት ጥሩሰው ሐረር እኅቷ ዘንድ ሄደች። አልተመለሰችም። «ገብቻለሁ» የሚል ሰው ከሌለ መብራቱን በምን ሥልጣኑ ያጥፋው?

ጥሩሰው በዚያው ሲኒማ ቤት ቲኬት ትሸጥ ነበር። እሷ በመስኮቷ፣ እሱ በመሰላሉ ላይ፣ ሃያ ዓመት አብረው ሠሩ። ሲኒማ ቤቱ የተዘጋ ጊዜ እሷ አለቀሰችና ወጣላት። እሱ አላለቀሰም፤ ዝም አለ። ጠዋት ዝም፣ ምሳ ላይ ዝም። ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለ፤ ተረቱን ያወጣው ሰውዬ ሚስት አልነበረችውም መሰለኝ። በዘርጋው ቤት ዝምታው ነቀዘ። አንድ ቀን ጥሩሰው ሻንጣዋን ይዛ ከበሩ ላይ ቆመች።

«ሰው አገባሁ ብዬ ከብረት ጋር ኖርኩ» አለችው። «ነይ ያልከኝ ቀን እመጣለሁ።»

በሩ ጠባብ ነው። አጠገቡ ስታልፍ ግንባሯ አገጩን ነካው። እሱም አንድ ቃል ሳይተነፍስ አሳለፋት።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። «ምን እንበልልህ?» ቢሉት ብዙ አሰበና «በሩ ክፍት ነው በሏት» አለ። ከዚያ በላይ ማውጣት አቃተው። ሽማግሌዎቹ ሐረር ድረስ ሄደው የተላኩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯት። «በሩ ክፍት መሆኑንማ ሌባም ያውቃል» አለችና ጥሩ ምሳ አብልታ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ የተላከ ሽማግሌ የለም።

ዘንድሮ ሲኒማ ቤቱ ሊከፈት ሆነ። የአዳራሹ አዲስ ኃላፊ ሂክማ የምትባል፣ ቀልድ የምትወድ፣ በሥራ ግን የማትቀልድ ሴት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ዘርጋው ቤት መጣች። ድሬ ላይ ለአባትም ለአያትም «አንተ» ነው፤ በዚህ የሚቀየም የለም።

«ጋሽ ዘርጋው፣ የብረቱን ዘበኛ ራስ ሥራልኝ። በሰው ልክ ይሁን። መግቢያው ላይ አቆመዋለሁ።»

የብረቱ ዘበኛ ድሬ ላይ ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ሰው ያልረሳው ነው። ሰው ሠራሽ ፍጡር ነው፣ ሮቦት። አፍ የለውም። ግንባሩ ላይ አንዲት ቀይ ዓይን አለችው። እመቤቱ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ግንባሯን አገጩ ላይ ታሳርፍና «እስክመለስ ዓይንህን እንዳትከድን» ትለዋለች። ክረምት ይመጣል፣ ክረምት ይሄዳል፤ እሱ ዓይኑ እንደበራ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ድሬ አያውቅም። የመጨረሻው ጥቅልል በባቡር ሲመጣ መንገድ ላይ ስለጠፋ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ስንት ዓመት ተከራከረ፤ ግማሹ «ተመለሰች» ሲል ግማሹ «ቀረች» ይላል። ዘርጋው ተመለሰች ከሚሉት ወገን ነበር። ጥሩሰውን ሲጠይቋት ግን በቲኬት መስኮቷ ብቅ ብላ «አፍ የለው፤ በምን አውቃ ትመለስ?» ትላቸው ነበር።

ዘርጋው ሥራውን እሺ አለ። መጀመሪያ የተቸገረው በልኩ ነው። ዘበኛውን ያየው ሸራ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ራሱ የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህላል። ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው የመሰነባበቻው ቦታ ትዝ አለው። የሴቲቱ ግንባር የዘበኛው አገጭ ላይ ያርፋል፤ እንግዲህ የሴት ግንባር የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የዘበኛውን ልክ ያውቃል። ዘርጋው የአንዲት ሴት ግንባር የት እንደሚደርስ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ካርቶን በቀጭኑ ቀደደና የገዛ ራሱን ዙሪያ ለካ። ከአገጩ እስከ አናቱ ለካ። ለወረቀቱ ውፍረት ሁለት ጣት ጨመረበት።

ለቅርጹ አሮጌ ባልዲ ደፋ፤ በባልዲው ላይ ጎድጓዳ ሳህን ደረበ፤ አገጩን ከማካሮኒ ካርቶን አጥፎ ሠራ። ወረቀቱ እንዳይጣበቅበት ሁሉንም ቫዝሊን ቀባው። የፉርኖ ዱቄት በውሃ በጥብጦ፣ እሳት ላይ አማስሎ ሙጫ አወጣ። ሁሉ ተሰናዳና ጋዜጣ ጠፋ። ዛሬ ሰው ወሬውን ከስልኩ ነው የሚያነበው፤ ባለሱቆቹም የሚጠቀልሉት በላስቲክ ነው። ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሙጫው ሊደርቅበት ሲል ከአልጋው ሥር አንድ ሣጥን ጎተተ።

ሣጥኑ ውስጥ የሰባት ዓመት ደብዳቤ አለ። ሁሉም «ይድረስ ለወይዘሮ ጥሩሰው» ብሎ ይጀምራል። ጤና ይጠይቃል፤ ስለ ሙቀቱ ያወራል፤ የጎረቤት ፍየል አጥር ዘላ የበላችውን ያወራል። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት ቃል አለች፦ «ነይ።» አንዱም አልተላከም። እስከ ፖስታ ቤቱ በር ይወስደውና ደጁ ላይ የሚያውቀው ሰው የጠራው ይመስል ይመለሳል።

«ወረቀት ወረቀት ነው» አለ ዘርጋው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር አለ። የእስክሪብቶ ቀለም ክፉ ነው፤ ላዩ ላይ ምን ቢቀቡት ከሥር ሰርጎ ይወጣል። ማስታወቂያ ሠዓሊ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዘርጋው የመጀመሪያውን ድርብ ሲያለብስ ጽሕፈት ያለበትን ገጽ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባልዲው አዞረው። የሠራው በሙያ ደንብ ነው። ሌላ ምክንያት ነበረው የሚል ካለ እኔ አልሰማሁም።

አንዱ ሲደርቅ ሌላ እየደረበ ዘጠኝ ድርብ አለበሰው። የድሬ ፀሐይም ውለታ አትረሳም፤ ያገዛትን ሰው አገዘችው። ዘጠነኛው ሲደርቅ ባልዲውን መነገለና የዘበኛው ራስ ለብቻው ቀረ። ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ጆሮ፣ ከለስላሳ ቆርኪ ብሎን አወጣለት። የብር ቀለም ቀባው። ያረጀ ብረት እንዲመስል ጥቁር የጫማ ቀለም በጨርቅ አሸው። ግንባሩ ላይ፣ ለዓይኑ፣ ክብ ቀዳዳ ተወለትና ከኋላው ትንሽ የእጅ ባትሪ አሰረ፤ ማብሪያውንም በጆሮው ሥር በሽቦ ወደ ውጭ አወጣው።

ሂክማ መጥታ አየችው። ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው።

«አቦ ጋሽ ዘርጋው፣ ይሄ አንተን አይመስልም እንዴ?»

«ብረት ነው» አላት።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ሂክማ።

የቀረው ዓይኑ ነበር። ቀይ ላስቲክ ቢሞክር፣ የጠርሙስ ቂጥ ቆርጦ ቢሞክር ሂክማ አልቀበል አለች፤ «ይሄ የታመመ ዓይን ነው» አለችው። ትክክለኛው የት እንዳለ ዘርጋው ያውቃል። ድሮ ከቲኬት መስኮቱ በላይ አንዲት ክብ ቀይ መስታወት ነበረች፤ ከኋላዋ መብራት ሲበራ ቲኬት አለ ማለት ነው። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ጥሩሰው ፈትታ ለማስታወሻ ወሰደቻት። አሁን መስታወቷም ሴትዮዋም ሐረር ናቸው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ሂክማ። «ምን ልበላት?»

«መስታወቷን ትላክልኝ በያት።»

«ሌላስ?»

ዘርጋው የጫማ ቀለም የነካ ጣቱን ሲጠርግ ቆየ። «የዘበኛው ራስ በሰው ልክ መሆኑን ንገሪያት» አለ።

ሂክማ በማግስቱ ተመለሰች፤ ባዶ እጇን።

«በሰው ልክ ነው ስላት 'በማን ልክ?' አለችኝ። በሰው አልኳት። ሳቀች። ከዚያ 'መስታወቱን አልክም፤ ዓይን በመልእክተኛ አይገጠምም' ብላህ አረፈች።»

ዘርጋው ነገሩን እንደ እምቢታ ወሰደው። ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው መልካሙን ትርጉም ለመውሰድ አይደፍርም። ያን ሳምንት የዘበኛውን ራስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ምሳውን በላ። ባዶውን የግንባር ቀዳዳ እያየ ይጎርሳል። ናፍቃዋለች። እሱ አይናገረውምና እኔ ልናገርለት፤ ቲኬት ስትቆርጥ የምታሰማው ቀጭን ፉጨት፣ ሻሿን የምታስርበት አኳኋን፣ ከመሰላሉ ሥር ሆና «ያች ፊደል ጠማለች፣ አቅናት» የምትለው ሁሉ ናፍቆታል። ከሄደች ወዲህ የሚጽፋቸው ፊደሎች በሙሉ ትንሽ ይጠምማሉ። የሚነግረው የለም።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት ሲኒማ ቤቱ ደጅ ሰው ሞላ። የብረቱ ዘበኛ ራስ መቆሚያው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ያለ ዓይን ተቀምጧል። ዘርጋው አዲስ ኮቱን ለብሶ ከጎኑ ቆሟል። ሂክማ ጨርቁን ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ የሐረር ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ጥሩሰው ወረደች። ሸብታለች፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በእጇ በመሐረብ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዛለች።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ዘርጋውን ሰላም አላለችውም። ጨርቁን ራሷ ገለጠች፤ ራሱን ከመቆሚያው አንሥታ፣ እንደሚገዛ ድስት ገልብጣ፣ መስታወቷን ከውስጥ ልትገጥም እጇን አስገባች። ገጠመችው። እጇን ስታወጣ ግን ዓይኗ ውስጡ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ አዞረችው። እንደገና አዞረችው።

«ተሰብሯል እንዴ?» አለች ሂክማ ደንግጣ።

«አልተሰበረም» አለች ጥሩሰው። «አፍ አለው ለካ። ወደ ውስጥ ዞሮ ነው እንጂ።»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርጋውን ቀና ብላ አየችው። «የተጻፈ ነገር አለበት። መነጽር አልያዝኩም፤ አንብብልኝ።»

መነጽሩን አንገቷ ላይ ያላየ ሰው አልነበረም፤ አንድም የተነፈሰ ግን የለም። ዘርጋው የብረቱን ራስ ተቀበላት። ወደ ውስጡ አየ፤ ድምፅ አልወጣለትም። ሰው ሁሉ ያየዋል። እሷ ትጠብቃለች። ፖስታ ቤቱ ደጅ ላይ ሲደርስ የሚይዘው ያው ነገር መጥቶ ያዘው። ሊመልስላት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ የብረቱን ራስ አንሥቶ በገዛ ራሱ ላይ አጠለቀው። ልክክ አለ።

ሂክማ ነገሩን ለማሳመር ብላ ባትሪውን አበራችው። ቀይዋ ዓይን ቦግ አለች። አፍ ከሌለው ብረት ውስጥም፣ ወፈር ብሎ፣ ደጁን የሞላ ድምፅ ወጣ፦

«ነይ።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እህ!» አሉ።

ጥሩሰው ጠጋ አለች። ግንባሯን የብረቱ አገጭ ላይ አሳረፈች፤ ሳታጎነብስ፣ ሳትንጠራራ ደረሰላት። እንዲህም ሆና ቆየች። ከዚያ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው የሌለ ይመስል ቀስ ብላ ተናገረች።

«ገብቻለሁ፤ አጥፋው።»

ሂክማ ግራ ገባት። ገና አሁን ያበሩትን፣ ከተማው በሙሉ ሊያየው የመጣውን ዓይን አጥፉ መባሉ አላስደሰታትም፤ ቢሆንም ያለችው የመስታወቷ ባለቤት ናትና እጇን ወደ ባትሪው ሰደደች። ዘርጋው የብረቱን ራስ እንዳጠለቀ፣ ጥቁር ቀለም የነካው እጁን ዘርግቶ ያዛት።

«እሱን አይደለም፣ ሂክማ» አለ። «የቤታችንን ነው።»