ያለ ፈቃድ የተጠገነው ቧንቧ

ከተማ ሁሉ የሚመሰገንበት አያጣም፤ ያቺ ከተማ የምትመሰገነው በአስተዳደሯ ትዕግሥት ነበር። ዋናው የውኃ ቧንቧ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ፈንድቶ ሰማይ ለሰማይ ሲረጭ፣ ሹማምንቱ ቅንጣት ሳይደናገጡ አምስት ወር ሙሉ በመስኮት ተመለከቱት።

የዳገቱ ሰፈር ግን ጉሮሮው ደረቀ። የማዘጋጃ ቤቱ ቧንቧ ጠጋኝ የዚያው ሰፈር ልጅ ነውና፣ አሮጊት እናቱ ጄሪካን አዝለው ሽቅብ ሲያቃስቱ ባየ ቁጥር አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። አንዲት የብረት መገጣጠሚያ ትገዛልኝ ብሎ በየሳምንቱ ያመለክታል።

"ስማ ወንድሜ፣" አሉት የፕላን ኃላፊው፣ "ለጥገና በጀት የለንም። አበዳሪዎቻችን የሚሰጡት ለአዲስ ነገር ብቻ ነው።"

"ቧንቧው ግን አሮጌ ነው፣ ጌታዬ።"

"ቧንቧው አሮጌ ነው፤ ፍንዳታው ግን አዲስ ነው!"

በዚህ ጥልቅ ጥበብ ፍንዳታው "የከተማ ውበት ፏፏቴ" ተባለ። ሃያ ዓመት የሚከፈል ብድር ተገኘለት። ዙሪያው እብነ በረድ ተነጠፈ፤ "ውኃ መቅዳት ያስቀጣል" የሚል ሰሌዳም ቆመ።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው እናት ከነጄሪካናቸው ዳገቱ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ጠጋኙ አላስቻለውም። መገጣጠሚያውን ከኪሱ ገዛ፤ የውኃውን መዝጊያ ዘግቶ፣ እብነ በረዱን ፈንቅሎ፣ በሁለት ሰዓት ገጥሞት አረፈ። ዳገቱ እልል ሲል ማዘጋጃ ቤቱ እሪ አለ።

በማግስቱ ከንቲባው አስጠሩት።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ሰው ውኃ ጠማው፣ ክቡርነትዎ።"

"ጥማት መመሪያ አይደለም! ነገ አበዳሪዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ። ወይ መልሰህ ታፈነዳዋለህ፣ ወይ በልማት አደናቃፊነት ትታሰራለህ። ያቺን እናትህን ማን እንደሚያስታምማት እናያለን።"

ምረቃው ደረሰ። ላይ ከንቲባው ሪባን ሲቆርጡ፣ ታች ጠጋኙ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ በገዛ እጁ የገጠመውን በመዶሻ መታ። ሦስት ጊዜ እጁ ሳተ፤ በአራተኛው ሆነለት። ውኃው ተተኮሰ፤ ጭብጨባው ቀለጠ፤ አበዳሪዎቹም ሁለተኛ ፏፏቴ ቃል ገቡ። አስተዳደሩ ውለታ አይረሳምና፣ ጠጋኙን የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ብሎ ዋንጫ ሸለመው።

አንገቱን ደፍቶ ቤት ገባ፤ ዋንጫውን እናቱ አልጋ ላይ አኖረው። አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ውስጡንም አጮልቀው ተመለከቱ።

"እደግ ልጄ፣ ዋንጫስ ሰጡህ፤" አሉት። "በል እንግዲህ፣ ውኃ አጠጣኝ።"