ሸምዳጁ ሰይድ ሲባዛ

ሸምዳጅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አይመቸኝም። የከተማችን የመርሳ ሸምዳጆች ንጉሥ ደግሞ የክፍላችን ልጅ ሰይድ ነበር፤ ቁርአን ቤት በለመደው ዜማ ባዮሎጂን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንበለብለዋል።

ጦርነቱ የትምህርት ቤታችንን መጻሕፍት አመድ አደረጋቸው። ትምህርት ሲከፈት ግን ያለ ፈተና ማለፍ የለም ተባለ። ወዴት ይኬዳል? ሰይድን ማንጎ ሥር ከበብነው።

«አንቺ አይደለሽ በቀቀን ያልሽኝ?» አለኝ።

«ወላሂ አልደግመውም! ፎቶሲንተሲስን ብቻ በልልን!»

እሱ አለ፣ እኛ ተቀበልን። ዲኤንኤ ክሩን ከፍቶ አምሳያውን እንደሚሠራ፣ እኛም ሰይድን ቀዳነው።

መምህራችን ፈተናውን አርሞ እየሳቀ ገባ።

«ሁላችሁም አልፋችኋል! ግን እናንተ ልጆች፣ መልሳችሁ መጨረሻ ላይ ‹በስተቀኝ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ› ያላችሁኝ የቱን ሥዕል ነው?»

እልል አልን። መጽሐፋችንን ያቃጠለ ይምጣና ይይ፤ አንድ ሰይድ ነበረን፣ አሁን ክፍሉ በሙሉ ሰይድ ነው።