ከሦስተኛው የሚጀምሩት ሊፍት ጠጋኝ

ሰው የሚበዛበት ሕንፃ ሁሉ አንድ ደረጃ አውጪ አያጣም። ውሃ ሊያጣ ይችላል፣ መብራት ሊያጣ ይችላል፤ ደረጃ አውጪ ግን አያጣም። እናንተ ስለ ዝናቡ ስታወሩ እሱ በታሪክ ከዘነቡት ዝናቦች ሦስቱን ይነግራችኋል። ጥርሴን አመመኝ ብትሉት፣ ጥርሳቸውን እያመማቸው ጦርነት ያወጁ ሦስት ነገሥታት አሉት። ዘፋኝ፣ ሯጭ፣ ፊልም ላይ አሳምሮ የሞተ ተዋናይ፣ ሁሉም ከአንድ እስከ ሦስት ተሰልፈው እሱን ይጠብቃሉ። አንደኛውን ደግሞ ቶሎ አይነግራችሁም። ሰው ቸኩሎ እንደሚሄድ ያውቃልና ከታች ነው የሚጀምረው።

የዚህኛው ሕንፃ ደረጃ አውጪ ሙያቸው ሊፍት መጠገን ነው። ነዋሪው “ሊቀ አንደኛ” ብሎ ሾሟቸዋል፤ ክቡርነታቸውም ሹመቱን ሰምተው አልተቃወሙም። ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ካቻቢቴ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው ብቅ ሲሉ የቸኮለ ሰው መንገድ ይቀይራል። “ቆይ፣ ከሦስተኛው ልጀምርላችሁ” ካሉ በኋላ ማምለጥ የለም። “ይሄ እኮ የተመዘገበ ነው” ይላሉ ሲጨርሱ። የት ነው የተመዘገበው ያላቸው ሰው ቢኖር “መዝገቡ ላይ ነዋ!” ብለው በሐዘን ያዩታል።

በሕንፃው ውስጥ ይሄን ሁሉ እህ ብሎ ያልተቀበለ አንድ ሰው ቢኖር የስድስተኛ ፎቋ ፋርማሲስት ናት። ፋርማሲዋ እዚያው ሕንፃው ሥር ነው። ሥራዋ መጠርጠር ነው ቢባል ውሸት አይደለም። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ጊዜው ያለፈበት እንደሆነ ታያለች፤ የሐኪሙን ጽሕፈት ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች፤ “ለእናቴ ነው” የሚላትን ጎረምሳ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ቤቷ ስትገባም አይለቃትም፣ ዛሬ የገዛችውን ወተት ታሸታለች።

አንድ ጊዜ ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቆመና እሷን፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና አንዲት ነፍሰ ጡር አስተማሪ ይዞ ቀረ። ሊቀ አንደኛ ከላይ ደረሱ። ሰው “አሁን አወጣችኋለሁ” የሚል ቃል ሲጠብቅ፣

“አይዟችሁ! ሊፍት ውስጥ ብዙ በመቆየት በዓለም የታወቁትን ሰዎች ታውቃላችሁ? ቆይ፣ ከሦስተኛው ልጀምርላችሁ!” አሉ።

“ጋሼ፣ በሩን!” ብላ ጮኸች ፋርማሲስቷ።

“በሩማ ይከፈታል። ሦስተኛው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር…”

ታሪካቸው ሁለተኛው ሰው ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። የጥርስ ሐኪሙ ተስፈንጥሮ ወጣ። ነፍሰ ጡሯ ግን አንድ እግሯን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጋ፣ “አንደኛውስ?” አለች።

ፋርማሲስቷ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንቢ አላት። ይሄ ሰውዬ ይቀጥፋል። እንደሚቀጥፍ ታውቃለች፣ የጎደላት ማስረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ለራስ ምታት ክኒን ሲመጡ ወጥመድ ዘረጋች።

“ጋሼ፣ ያንን የድሮ አጥቂ ያውቁታል? ቀዩ መብረቅ የሚባለውን?”

ቀዩ መብረቅን የፈጠረችው እዚያው፣ የሳል ሽሮፕ ካርቶን ላይ ያለ ሥዕል አይታ ነው። ክቡርነታቸው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

“አራተኛ” አሉ። “ጉልበቱ ባይጎዳ ሦስተኛ ይሆን ነበር። ያሳዝናል።”

ደግሞ ከልባቸው አዝነዋል። እሷ “ያዝኩህ!” አለች በሆዷ። ግን ሰው የማይገድል ውሸት ነው ብላ ለጊዜው ያዘችው። ነገሩ የከረረው ሰውዬው ወደ አባቷ የመጡ ዕለት ነው።

አባቷ በወጣትነቱ የከተማው ቡድን በረኛ ነበር። አሁን መታጠቢያ ቤት ተንሸራቶ ዳሌው ተሰብሮ፣ ተጠግኖ፣ አልጋ ላይ ነው። አጥንቱ እንኳ ገጥሟል፤ ያልገጠመው ልቡ ነው። ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ “በየቀኑ ካልተራመደ እግሩ ይከዳዋል፣ ከዚያ በኋላ እኔም የምረዳሽ የለኝም” አላት። አባቷን ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ገዛችለት። “ነገ” ብሏት ምርኩዙን ኮት መስቀያ አደረገውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያቺ “ነገ” ወር ሞላት።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው ሊቀ አንደኛ ከሰዓት በኋላ እየመጡ መቀመጥ የጀመሩት። መጀመሪያ ቀን ማታ ስትገባ አባቷን ደም ሥሩ ተገታትሮ አገኘችው።

“ያ ሰውዬ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? በዚህ ከተማ ታሪክ ሁለተኛው በረኛ ነህ አለኝ! ሁለተኛ!”

“ተወው አባዬ፣ ቀጣፊ ነው።”

“ሁለተኛ!” አለና እራቱን ሳይበላ አደረ።

ሰው ያለ ጥቅም ስድስተኛ ፎቅ አይወጣም፤ ያውም ሊፍቱ እንዲህ በሚቆምበት ሕንፃ። ምን ፈልገው ነው? አንድ ቀን “ይቺ የኋለኛዋ ክፍል ባዶዋን ናት እንዴ?” ሲሉ ሰምታቸዋለች። ሌላ ቀን ኮሪደሩን በሜትር ሲለኩ ጎረቤት አይታለች። በሳምንቱ ደግሞ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ከዚህ ጫፍ አንዱ ከዚያ ጫፍ፣ ሁለት ቀይ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘች። በቃ። የታመመ ሽማግሌ አሳምኖ፣ ግድግዳ አቁሞ፣ ክፍል ከፍሎ ሊገባ ነው። የአባቷን የብር ሜዳሊያ ሩዝ ጣሳ ውስጥ ቀበረች። የኋለኛዋን ክፍል ቁልፍ አንገቷ ላይ አሰረች። አባቷን ስትጠይቀው “አያገባሽም” አላት፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

አንድ ሐሙስ ፋርማሲውን ለረዳቷ ሰጥታ ሳትጠበቅ ወጣች። በየፎቁ የምትናገረውን ታሰላስላለች፦ አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ የሌለ ተጫዋች አራተኛ ያደርጋል፤ ቀዩ መብረቅን ጠይቀው! በሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ ጩኸት ሰማች። የአባቷ ድምፅ ነው፤ ከሜዳ እስከ ትሪቡን ይሰማ የነበረው ያ የድሮው ድምፁ። ቁልፉን ቀስ አድርጋ አዞረችና በስንጥቁ አየች።

አባቷ ቆሟል። አንዱን ቀይ ፕላስተር በትከሻው ተደግፎ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ክቡር ሊቀ አንደኛ በወዲያኛው በኩል ጫማ ማስቀመጫው ላይ ቁጭ ብለው የተጠቀለለ ካልሲ ይዘዋል።

“የጎል ስፋት ልክ ነው፣ ራሴ ለክቼዋለሁ” ይላሉ። “ወዲያኛው ቋሚ ላይ ነው የምወረውረው። አንደኛው እዚያ ይደርስ ነበር።”

“እኔም እደርሳለሁ፣ አንተ ሌባ!”

“ግራ እግርዎ ይጎተታል፤ የአንደኛው አይጎተትም ነበር።”

“ማን ነው የሚጎተተው? ወርውር!”

ካልሲው በረረ። አባቷ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ እያቃሰተ፣ እየተሳደበ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። ካልሲው ቀድሞት ወደቀ።

“ገባ!” አሉ ሊቀ አንደኛ።

“አልገባም! ውጭ ነው! ድገም!”

ፋርማሲስቷ በሩን መልሳ ዘጋችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች፤ ከደስታ ይሁን ከእፍረት ራሷም አልለየችውም።

ሰውዬው ሲወጡ ግን ዓመሏ ነውና አቆመቻቸው።

“ጋሼ፣ ያ አንደኛው በረኛ ማነው?”

ሊቀ አንደኛ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። እሷም አብራ ቀና አለች። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

“እሱ እንግዲህ… ገና አልተመዘገበም” አሉ።

“ታዲያ አባዬን አንደኛ ቢያደርጉት ምን ይጎድልብዎታል? ደስ ይበለው እንጂ!”

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጧት።

“ዶክተር፣ አንቺ የተማርሽ ሰው እንዴት እንደዚህ ትያለሽ? አንደኛ ካልኩትማ ምን ሥራ ቀረው? ወደ ግድግዳው ዞሮ መተኛት ነዋ! ባለፈው ለብቻው እስከ ሳሎን የሄደው እኔን ከኋላዬ ሊሰድበኝ ነው። ተይኝ፣ በሥራዬ አትግቢ።”

ብለው ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ሊፍቱን ስለሚያውቁት አልሞከሩትም።

ቤት ስትገባ አባቷ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ላቡን እየጠረገ ነበር። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ያበራል።

“ሄደ ያ ቀጣፊ?”

“ሄደ።”

“ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ከጎሌ ጀርባ ቁጭ ብለሽ ታይኝ ነበር። ልጁ ነኝ ብለሽ አታዳዪልኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ስንተኛ ነኝ?”

ለእሷ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም በረኛ የሚባል ሰው ዓለም ላይ አልነበረም። ይሄን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ብርድ ልብሱ ሥር የተጋደሙትን ቀጫጭን እግሮቹን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ለጠላቷ እንኳ አልሸጠችም።

“ሁለተኛ ነህ፣ አባዬ” አለችው።

የገዛ ቤቱ ውስጥ ከሃዲ እንዳገኘ ሰው አያት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፎ ጣለና እግሮቹን ወደ ወለሉ አወረደ።

“አንቺም? አንቺም ከእሱ ጋር? ተነሺ! ነይ ኮሪደር ላይ!”

ክንዱን ልትይዘው ስትል በክርኑ ገፋት።

“ልቀቂኝ! ራሴ እሄዳለሁ!”

ግድግዳውን ተደግፎ በራሱ እግር ወጣ። እሷም ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገችና ጎል የምታገባበት ካልሲ ልትፈልግ ሄደች።